ፎቅ የሌለው አውቶቡስ

ባሲሊያና ታላቅ እህቷ ኒኮላሳ የተኳረፉት በእናታቸው የተነሳ ነው። እናታቸው ደግሞ ከሞተች ቆይታለች። ሞቶ እንኳ ልጆቹን የሚያጣላ ሰው በሕይወት ሳለ ምን ይመስል እንደነበር መገመት አያቅትም። እናታቸው ዶኛ ኤውስታኪያ ዕድሜዋን ሙሉ ፑናታ ገበያ ድንች ስትሸጥ የኖረች፣ ሳቋ ከድንች ተራ ተነስቶ ዶሮ ተራ የሚሰማ፣ ስትቆጣ ፖሊስ እንኳ መንገድ የሚለቅላት ሴት ነበረች። ፑናታ ያለው ቦሊቪያ ውስጥ፣ በኮቻባምባ ሸለቆ ነው። ባሲሊያ የምትኖረው ግን ከዚያ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ተጉዞ በሚደረስበት በቦነስ አይረስ፣ ሊኒየርስ በሚባለው ሰፈር ሲሆን፣ ከባሏ ከሴፌሪኖ ጋር አትክልት ቤት ከፍታለች።

ጠቡ የሙታን በዓል ጠብ ነው። ለፑናታ ሰው ሙታን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ኖቬምበር አንድ ልክ እኩለ ቀን ላይ ወደ ቤት ይገባሉ። ማዕድ ተዘርግቶ ይጠብቃቸዋል፤ አድረው በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ይሸኛሉ። ማዕዱ የሚዘረጋው ለሦስት ዓመት ብቻ ነው። ሦስተኛው የስንብት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ነፍስ ዕረፍቷን ታገኛለች፣ ድስትም አይጣድላትም።

«የዘንድሮው የኔ ነው» አለች ባሲሊያ በስልክ፣ በዓሉ ገና ወራት ሲቀሩት። «ሁለቱን ዓመት አንቺ ዘርግተሻል። እኔ አንድም ቀን አልዘረጋሁላት።»

«የኔ ያንቺ ምን አመጣው? የውሃ ቧንቧ ነው እንዴ ተራ የምንይዝበት?» አለች ኒኮላሳ። «የተቀበረችው እዚህ። ቤቷ እዚህ። ሰው በአገሩ፣ ሰው በወንዙ!»

«አንድ ቀን ብቻ ትምጣልኝ፣ እትዬ። ቤቴን አላየችውም እኮ።»

«በእግሯ ያልሄደችበትን ሞታ ልትሄድበት ነው?»

«እንግዲያው ሁለታችንም እንዘርጋ። ሁለት ባላ ትከል ይባል የለ!»

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም፣ ይኸም ይባላል። ሁለት ቦታ የተጠራች ነፍስ ከሁለቱም ሳትሆን መንገድ ላይ ነው የምትቀረው። ያስተማረችንም ራሷ እማዬ ናት። በመጨረሻ ዓመቷ ልታንከራትቻት ነው? ድሮም ስትሄጂ ማንንም አላማከርሽ፤ አሁንም ያሰኘሽን አድርጊ!»

ባሲሊያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ጠረቀመችባት። ከዚያ ወዲያ አልተደዋወሉም።

ያንገበገባት «በእግሯ ያልሄደችበትን» የሚለው ነው፤ እውነት ስለሆነ። እናቷ በየዓመቱ «ለሚመጣው ዓመት እመጣለሁ» ትል ነበር። አንድ ጊዜ ታዲያ ሴፌሪኖ «ወሬ ብቻ ሆነ እኮ» ብሎ ቲኬቱን ቆርጦ ላከላት። ዶኛ ኤውስታኪያ የደረቀ ድንቿን፣ አይቧን፣ ለልጅ ልጇ የሠራችውን ሹራብ ቋጥራ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ተሰናብታ፣ ተላቅሳ፣ ኮቻባምባ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄደች። አውቶቡሱ ባለ ፎቅ ነው። ዞረችው። ቀና ብላ አየችው። አንድ ጊዜ ደግማ ዞረችው። «ቤት በቤት ላይ ተጭኖ ተራራ ሊወርድ?» አለችው ሾፌሩን። «ሞኝህን ፈልግ፣ ልጄ!» ቋጠሮዋን አንስታ ተመለሰች፤ አይቡንም እየገመጠች ገባች። ፑናታ ገበያ በዚህ ወሬ ስንት ጊዜ ሲስቅ ከረመ፤ ከሁሉም አብልጣ የምትስቀው ደግሞ ራሷ ነበረች።

ከዚያ ያ ዓለሙን ሁሉ ቤት ያስቀመጠ በሽታ መጣ፣ ድንበር ተዘጋ፣ እናቷም ድንበሩ እንደተዘጋ ሞተች። ባሲሊያ ቀብሩን ያየችው ኒኮላሳ በያዘችው ስልክ ነው። ሳጥኑ ወደ ጉድጓዱ ሊወርድ ሲል ኔትወርኩ ተቋረጠ፤ ምስሉም ባለበት ደርቆ ቀረ። ለባሲሊያ ያ ሳጥን እስከ ዛሬ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። እናቷ አንድ ጊዜ፣ የመጨረሻውን ጊዜ፣ ቤቷ እንድትገባላት ፈለገች። ድስቷን፣ መጋረጃዋን፣ ልጇን እንድታይላት። በቃ ይኸው ነው የፈለገችው፤ ለዚህም ከእህት መቀያየም ካለበት ትቀያየም አለች።

የበዓሉ ዋዜማ ላይ የማዕዱን ዳቦ ልትጋግር ሃያ ኪሎ ዱቄት አስጭና ወደ ጎረቤት ዳቦ ቤት ሄደች። ዳቦ ቤቱ የዶን አቲሊዮ ነው። ዶን አቲሊዮ አያታቸው ከጣልያን አገር በመርከብ የመጡ፣ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ከዳቦና ከዝንብ በቀር ሌላ ጉዳይ የሌላቸው ሽማግሌ ናቸው። ዳቦውን ይጋግራሉ፣ ዝንቧን በተጠቀለለ ጋዜጣ ያሳድዳሉ። ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ሲያሸልብ ዳቦ ቤታቸው ይዘጋል፤ ያን ሰዓት ነው ምድጃውን የፈቀዱላት። ቁጭ ብለው ሊያዩ እንጂ ሊረዱ አላሰቡም ነበር።

«ይኸ ምንድነው?»

«መሰላል።»

«የዳቦ መሰላል? ለምኑ?»

«ከላይ እንድትወርድበት ነዋ፣ ዶን አቲሊዮ።»

«ይህ ውሻስ?»

«ፈረስ ነው! ዕቃዋን የሚሸከምላት።»

ዶን አቲሊዮ ፈረሱን ጎንበስ ብለው መረመሩት። «ይህ ፈረስ ራሱን ከተሸከመም ትልቅ ነገር ነው» አሉ።

ባሲሊያ ሳቀች። ስትስቅ ደግሞ ወሬ ይመጣላታል። እጇ ሊጥ ውስጥ እንዳለ ሁሉንም ነገረቻቸው፦ ስለ እህቷ ኩርፊያ፣ ሁለት ቦታ ስለተጠራች ነፍስ፣ ስለ ቲኬቱ፣ ስለ አይቡ፣ ስለ ባለ ፎቁ አውቶቡስ። «ሞኝህን ፈልግ» የሚለው ጋ ስትደርስ ዶን አቲሊዮ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ።

«የኔዋ ብትመጣ» አሉ ቆይተው፣ «ገና ከደጃፉ ‹ይህን ሸሚዝ ማን ነው እንዲህ አድርጎ የተኮሰልህ?› ነው የምትለኝ።»

ተነስተው እጃቸውን ታጠቡ። ሊጡን ቆርሰው ወደ ጥግ ዞር አሉና ጀርባቸውን ሰጧት። ምን እየሠሩ እንደሆነ አላሳዩአትም። ሲዞሩ መዳፋቸው ላይ አንድ አውቶቡስ ይዘዋል፤ አራት ጎማ፣ የመስኮት ረድፍ፣ ከፊት ደግሞ የዘቢብ ዓይን ያለው ሾፌር።

«ፎቅ የለውም» አሉ። «ንገሪያት።»

ባሲሊያ አውቶቡሱን ተቀብላ እንቁላል ቀባችው፤ ሾፌሩንም ከነዘቢብ ዓይኑ አብራ ቀባችው። ዶን አቲሊዮ ያላዩ መስለው እሳቱን ማየት ጀመሩ።

በማግስቱ ከአትክልት ቤቱ በስተኋላ ያለችው ሳሎን ማዕድ ሆነች። ጠረጴዛው ጥቁር ጨርቅ ለበሰ። ግራና ቀኝ ሸንኮራ አገዳ ቆመ፤ ነፍስ ስትደክም የምትመረኮዘው ነው። ሙታንን የሚወክሉት፣ የጄሶ ፊት የተለጠፈላቸው የዳቦ ሕፃናት ተደረደሩ፤ ፈረሱም፣ መሰላሉም፣ አውቶቡሱም በየቦታቸው ተቀመጡ። እናቷ የምትወደው የኦቾሎኒ ሾርባ በትልቁ ሳህን ቀረበ፤ የበቆሎ ጠላውም ከጎኑ። ፎቶግራፏን ያስቀመጠችው ያኒና ናት፤ ያኒና የባሲሊያ ልጅ ናት፣ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው፣ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች።

«እማ፣ አያቴ ግን እኔን ታውቀኛለች?» አለች ፎቶውን እያቃናች።

«እንዴት አታውቅሽም! በስልክ ስንቴ ተያይታችኋል።»

«የት ተያየን? ‹ስልኩን ፊትሽ ላይ ያዢው› ስንላት ጆሮዋ ላይ ትለጥፈዋለች። እኔ አያቴን የማውቃት በጆሮዋ ነው።»

«እሷ ከሆነች ጆሮዋም ይበቃል» አለ ሴፌሪኖ ሻማ እየለኮሰ። «ምላሷ ቢሆን ኖሮ ስልኩ ይቃጠል ነበር።»

እንግዶች መጡ፤ ሁሉም የገበያ ጎረቤት፣ ሁሉም ያገር ሰው። ከፊት የምትቀመጠው ዶኛ ፎርቱናታ ናት፤ ቅመም ትሸጣለች፣ ባሏ እዚሁ ቦነስ አይረስ ሞቶባታል፣ ጸሎቱንም የምትመራው እሷ ናት። በዚህ ቀን የጸለየ ሰው ዳቦ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ስለዚህ ጸሎቱ ረጅም እንደሚሆን ግልጽ ነበር። ባሲሊያ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ደወል እኩለ ቀንን ደወለ።

ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ። ነፍስ ስትገባ ምልክት አላት። ሻማው ይወዛወዛል፣ ወይም በር ላይ ያለው መጋረጃ ይነሳል፣ ወይም ዝንብ ትገባለች፤ ዝንብ በዚያን ቀን ነፍስ ናትና ማንም እጁን አያነሳባትም። ባሲሊያ ሻማውን አየች። እሳቱ እንደ ብዕር ቀጥ ብሎ ቆሟል። መጋረጃውን አየች። ንቅንቅ አላለም። ሾርባው ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ፣ ገጹም ቆዳ አወጣ። ከውጭ የአውቶቡስ ጡሩምባ ተሰማ፤ እውነተኛው አውቶቡስ።

«ገብተዋል» አለች ዶኛ ፎርቱናታ በመጨረሻ። «በቀስታ ነው የገቡት፤ እኔ ተሰምቶኛል።»

«አዎ፣ አዎ፣ እኔም ተሰምቶኛል» አሉ ሌሎቹ፤ ደግ ሰዎች ናቸው።

ባሲሊያ አመሰገነቻቸው። ግን እናቷ የትም ቤት በቀስታ ገብታ አታውቅም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ስትገባ ቄሱ ቅዳሴውን አቋርጦ «እንደምን አደርሽ፣ ኤውስታኪያ» የሚላት ሴት ናት። አልመጣችም።

ጸሎቱ ተጀመረ። ባሲሊያ ዳቦ እያደለች፣ ጠላ እየቀዳች፣ እየሳቀችም ቆየች፤ ከዚያ አልቻለችም። ወደ ሱቁ ወጥታ ድንች ጆንያ ላይ ተቀመጠች። እናቷ በዓይኗ መጣችባት፦ ቋጠሮዋን በጀርባዋ አዝላ መንታ መንገድ ላይ ቆማለች። ከወዲህ አንዷ ልጅ ትጠራታለች፣ ከወዲያ አንዷ። ወዲህ ታያለች፣ ወዲያ ታያለች፣ ፀሐዩ ይመታታል፣ የሚቀበላት የለም። የመጨረሻ ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ካልገባች ከእንግዲህ የምትገባበት ቤት የላትም።

ሴፌሪኖ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«አጠፋኋት» አለችው። «መንገድ ላይ አስቀረኋት።»

«እማማ ኤውስታኪያን? እሷ የምትጠፋ ሴት ናት? መንገዱ ነው እንጂ የሚጠፋው።»

«አትቀልድብኝ።»

«እሺ፣ አልቀልድም» አለና እጇን ያዘ። «ለእህትሽ ደውዪላት።»

«ምን ብዬ? ‹ያልሽው ደረሰ› ልበላት?»

ሴፌሪኖ ዝም አለ። ባል ዝም ሲል ደግሞ ሰው የራሱን ሐሳብ ለመስማት ይገደዳል። ባሲሊያ ኩራቷን ወዲህ፣ እናቷን ወዲያ አድርጋ መዘነቻቸው፤ ሚዛን መያዝ ሥራዋ ነው። ከዚያ ብድግ ብላ ሳሎን ገባች።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች እንግዶቹን። «ማዕዱን ላነሳ ነው።»

ዶኛ ፎርቱናታ ያያዘችውን ጸሎት ዋጠችው። «ምን አልሽ? ማዕድ የሚነሳው ነገ አይደል እንዴ! አብደሻል?»

«ፑናታ ሌላ ማዕድ አለ። የኔ ካልተነሳ እማዬ አንዱንም አታገኝም። ወደ እህቴ ትሂድ። ቢያንስ እዚያ ትብላ።»

ባሲሊያ የዳቦውን መሰላል ጫፉን ያዘች፤ ሌላ ሰው የማገዝ ድፍረት አላገኘም። ያን ጊዜ ስልኳ ጮኸ።

«ገባች?» አለች ኒኮላሳ። ሰላምታ የለ፣ እንደምን ከረምሽ የለ።

«ማን?»

«ማን ትላለች እንዴ! እማዬ ነቻ! ገባች ወይ?»

ባሲሊያ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው። «አልመጣችም፣ እትዬ። እኩለ ቀን ካለፈ ቆየ። እንዳልሽው ሆነ። ግድ የለም፣ እኔ ማዕዴን እያነሳሁላት ነው፤ አንቺ ጋ ትምጣ…»

«እንዳትነኪው!» ኒኮላሳ እንዲህ ስትጮህ ድምፅዋ ቁርጥ የእናቷን ነው፤ እንግዶቹ ሁሉ ሰምተዋል። «እጅሽን አንሺ ብዬሻለሁ! ምን አለ ብላ ነው እኔ ጋ የምትመጣው? እኔ ማዕድ አልዘረጋሁም!»

ባሲሊያ መሰላሉን ለቀቀችው።

«አልዘረጋሽም?»

«ካንቺ ጋር ስጓተት መንገድ ላይ ትቅር? ጠረጴዛውን ጠርጌ ባዶውን ፊቴ አስቀምጬው ተቀምጫለሁ። ዛሬ በጠዋት መቃብሯ ሄጄ ነገርኳት። ‹ዘንድሮ ባሲሊያ ጋ ነሽ› አልኳት። ‹ሊኒየርስ የሚባል አውቶቡስ ተራ ነው የምትወርጂው፤ ከዚያ ጠይቂ፣ አፍ አለሽ› አልኳት። ‹ፎቁ ላይ አትውጪ፣ ምድር ቤቱ ላይ ተቀመጪ፣ ተራራውን ስትወርጂ በመስኮት አትይ› ሁሉ ብያታለሁ።»

ባሲሊያ ዓይኗ የዳቦ አውቶቡሱ ላይ ተተከለ። «ምነው ታዲያ ሳትነግሪኝ?»

«ስልክ ዘግተሽብኝ የለ እንዴ! ማንን ልንገር?»

«እትዬ… ግን እኮ አልመጣችም። እኩለ ቀን አልፏል።»

«ምን ነካሽ? የምን እኩለ ቀን ነው ያለፈው? ገና አሁን መደወሉ ነው። ስሚ።»

ኒኮላሳ ስልኩን ወደ መስኮቱ ሳታስጠጋው አልቀረችም። የፑናታ ደወል፣ ያ አንድ ጎኑ የተሰነጠቀው፣ ባሲሊያ የተጠመቀችበትና የተዳረችበት ደወል፣ ከስልኩ ውስጥ ዳን፣ ዳን አለ። ባሲሊያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብላ አየች። ሰባት ሰዓት ነው። ቦነስ አይረስ ሰባት ሰዓት ሲሆን ፑናታ ገና ስድስት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ሳሎኑ ውስጥ አልነበረም፤ ሁሉም በየእሑዱ ወደ አገር ሲደውል «አሁን እዚያ ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ነው። ለሕያው ዘመድ ሁሌም የሚያስቡትን ለሟች ያሰበ ግን አንድም ሰው አልተገኘም።

«አይ የኛ ነገር!» አለች ዶኛ ፎርቱናታ ጭኗን እየመታች። «የኔ ሰውዬ እዚሁ ስለሞተ በዚሁ ሰዓት ይመጣል። እናትሽ ግን የዚህን አገር ሰዓት ከየት ያውቁታል!»

ይህን ብላ አፏን ሳትገጥም ዶን አቲሊዮ ከበሩ ብቅ አሉ። ዳቦ ቤታቸውን ዘግተው፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ እንደ ልማዳቸው ጋዜጣቸውን ጠቅልለው በብብታቸው ይዘዋል። ከኋላቸው አንዲት ትልቅ ሰማያዊ ዝንብ ተከትላ ገባች።

በቀስታ አልገባችም። እንደ ሞተር እየጮኸች ነው የገባችው። ቀጥታ ወደ ማዕዱም አልሄደችም። መጀመሪያ መጋረጃውን ከላይ እስከ ታች አየችው። ቴሌቪዥኑን ዞረችው። ወደ ማድ ቤት ጎራ ብላ ድስቶቹ ላይ ቆየች፤ ተመልሳ ያኒና ፀጉር ላይ አረፈች፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች፣ ተነሳች። ሴፌሪኖን ግንባሩን ገጨችው። ሰው ሁሉ በዓይኑ ብቻ ይከተላታል። ባሲሊያ ስልኩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ቆማለች። እያየችልኝ ነው፣ ትላለች በልቧ፤ ቤቴን እያየችልኝ ነው። በመጨረሻ ዝንቧ ማዕዱን አንድ ጊዜ ዞረችና የዳቦ አውቶቡሱ ላይ፣ ከሾፌሩ ጀርባ፣ ቁጭ አለች።

ዶን አቲሊዮ እንግዲህ ዳቦ ጋጋሪ ናቸው። ዝንብ በዳቦ ላይ ተቀምጣ፣ ያውም በገዛ እጃቸው በሠሩት ዳቦ ላይ፣ ዝም ብለው ሊያዩ አይችሉም። ጋዜጣውን ከብብታቸው መዝዘው አነሱ።

«ዶን አቲሊዮ!»

ቤቱ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ዶኛ ፎርቱናታ ክንዳቸው ላይ ተንጠለጠለች። ሴፌሪኖ በማዕዱና በሽማግሌው መካከል ገባ። ሰውዬው ጋዜጣቸውን ሽቅብ እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።

«ምን አጠፋሁ?»

«አያቴን ሊገድሏት ነበር!» አለች ያኒና፤ ሳቅና ለቅሶ ተቀላቅሎባታል።

ዶን አቲሊዮ ያኒናን አዩ። ዝንቧን አዩ። የተቀመጠችበትን አዩ። ጋዜጣውን ቀስ አድርገው ወንበር ላይ አኖሩና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እመቤቴ» አሉ ጎንበስ ብለው። «እንኳን ደህና መጡ። ጉዞው እንዴት ነበር?»

ከስልኩ ውስጥ ኒኮላሳ ስትጮህ ቆይታለች። «ምንድነው? ምን ሆናችሁ? ተናገሪ እንጂ አንቺ!»

«ገባች፣ እትዬ» አለች ባሲሊያ። «ገባች። ቤቱን ሁሉ ዞራ አየችው። ፎቅ የሌለው አውቶቡስ ላይ ተቀምጣለች።»

ኒኮላሳ ስልኩ ውስጥ አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማ። ባሲሊያ ባዶውን ጠረጴዛ አሰበችው፤ እህቷ ብቻዋን ከፊቱ ተቀምጣ፣ ደወሉን እያዳመጠች፣ የመጨረሻውን ቀን በእጇ አንስታ ሰጥታት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እናቷን የተነጠቀችው እሷ ብቻ መስሏት ነበር።

«እትዬ፣ ነይ፣ አሳይሻለሁ። ያኒና፣ ካሜራውን አብሪው።»

«ካሜራውን ተዪው» አለች ኒኮላሳ በታፈነ ድምፅ። «በእንባ ምን ይታየኛል። ድምፅዋን ብቻ አስጠጊልኝ። ደግሞ ነገ ስትሸኟት በኔ ሰዓት ይሁን፤ በእናንተ ሰዓት እንዳታባርሯት።»

«እሺ፣ እትዬ፣ በፑናታ ሰዓት ይሁን።»

ባሲሊያ ስልኩን ወደ ዳቦ አውቶቡሱ ዘረጋችው። ዶን አቲሊዮ ባርኔጣቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ዝንቧ ስልኩ ሲጠጋት ብድግ አለች። ዞረችው፣ ቀና ብላ አለፈችው፣ እንደገና ዞረችው፣ እየጮኸች፣ እያጉረመረመች።

«ተሰማሽ?» አለች ባሲሊያ በሹክሹክታ።

ኒኮላሳ አዳመጠች።

«እሷው ናት» አለች በመጨረሻ። «አውቶቡሱን እየተራገመች ነው።»